ከጉግል ሌላ ምን አለ? ከድሬዳዋና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ደንበኞቼ ስለ መፈለጊያ ድረ ገጾች ያላቸውን ጥያቄ ሁሉ እንዲያቀርቡ ጋብዣቸው ነበር፤ መልሴ ይኸው። በድሬ ልማድ ሁሉንም «አንተ»፣ «አንቺ» እላለሁ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ አንባቢ ካለ እንዳይቀየም።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ሳቢያን)፦ ዳክዳክጎ፣ ኢኮዝያ፣ ስታርትፔጅ፣ ብሬቭ… የትኛው ይሻላል?

መጀመሪያ «ማውጫው የማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። መፈለጊያ ማለት ድረ ገጾችን እየዞረ የሚሰበስብ ፕሮግራምና የሰበሰበው ማውጫ ነው። ይህን ለመገንባት ከባድ ገንዘብ ስለሚጠይቅ አብዛኞቹ ከሌላ ይገዛሉ። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ውስጥ ስማቸው የተለያየ ሱቆች ከአንድ አስመጪ እንደሚያወጡት ዕቃ ነው። ዳክዳክጎ ውጤቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከማይክሮሶፍት ቢንግ ነው። ስታርትፔጅ የኔዘርላንድስ ድርጅት ሲሆን በዋናነት የጉግልን ውጤት ማንነትህን ደብቆ ያመጣልሃል። በግንቦት 2016 (በፈረንጆቹ 2024) ቢንግ ለሰዓታት ሲቋረጥ ዳክዳክጎና ኢኮዝያም አብረው ቆሙ። የማን ዕቃ እንደሚሸጡ የዚያን ቀን በግልጽ ታየ።

የራሳቸው ማውጫ ያላቸው ጥቂት ናቸው፦ ጉግል፣ ቢንግ፣ የሩሲያው ያንዴክስ፣ የቻይናው ባይዱ፣ ብሬቭ፣ የእንግሊዙ ሞጂክ። ስለዚህ ጉግል ላይ ያጣኸውን ስታርትፔጅ ላይ መፈለግ ብዙም አይጠቅምህም። ሌላ ዓይን ከፈለግህ ቢንግን ወይም ብሬቭን ሞክር።

ጥያቄ፦ ዳክዳክጎ አይሰልልም የሚባለው እውነት ነው?

በአብዛኛው አዎ። የፈለግኸውን ከማንነትህ ጋር አያይዞ አያስቀምጥም፤ ማስታወቂያውንም የሚያሳይህ በዚያች ሰዓት በጻፍኸው ቃል ላይ ተመሥርቶ እንጂ ያለፈ ታሪክህን አይቶ አይደለም። ሆኖም በፈረንጆቹ 2022 የድርጅቱ ማሰሻ (ብራውዘር) አንዳንድ የማይክሮሶፍት መከታተያዎችን ሳያግድ ያሳልፍ እንደነበር አንድ ተመራማሪ አጋልጦ፣ ከወራት በኋላ ተስተካክሏል። ማመን ጥሩ ነው፣ ማጣራት ግን ይሻላል።

ሰዎች ከዚህ ጋር የሚያደባልቁት አንድ ነገር አለ። በማሰሻው «የግል መስኮት» መክፈት ታሪኩን ከስልክህ ያጠፋል እንጂ ከድረ ገጹም ሆነ ከኢንተርኔት አቅራቢው አይሰውርህም። አቅራቢው ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደሄድህ ያያል፤ እዚያ የጻፍኸውን ቃል ግን አያይም።

ጥያቄ (መምህርት፣ ሐረር)፦ በአማርኛ ስፈልግ መኖሩን የማውቀውን ነገር እንኳ አላገኝም። መፈለጊያ ልቀይር?

አትቀይሪ፤ በአማርኛ ማውጫው የሰፋው አሁንም ጉግል ነው። የሚቀየረው አጻጻፍሽ ነው። የከተማሽን ስም ብቻ ውሰጂ፦ ሐረር፣ ሀረር፣ ሃረር ተብሎ ይጻፋል። ለእኛ አንድ ነው፣ ለማሽን ግን ሦስት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ «የሐረር»፣ «በሐረር»፣ «ሐረርን» አለ። ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ካስገባሽው ደግሞ እነዚህን ሁሉ ቆልፈሽ አስቀረሻቸው ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚመከረው የጥቅስ ዘዴ በአማርኛ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይጎዳል። ጥቅሱን ለረጅም ሐረግ ብቻ ተጠቀሚበት።

ሕግ ስትፈልጊ ቁጥር ያድናል። «የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ» ብለሽ ስትጽፊ የ«ሠ» እና የ«ሰ» ጣጣ ይመጣል፤ «1156/2011» ብትዪ ግን በቀጥታ ትደርሺያለሽ። በእንግሊዝኛ ሰነዶች የሚገኘው ግን 1156/2019 ተብሎ ስለሆነ ሁለቱንም ዓመት ሞክሪ።

የማይገኝም አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት ቁጥር የሚያውቁበት ሥርዓት) የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ መሥሪያ ቤቶች በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ የቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ሲጽፉ ኖረዋል። እነዚያ ፋይሎች ለዓይን አማርኛ ናቸው፣ ለማሽን ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ናቸው። እንደ ፎቶ የተነሱ ገጾችም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያመልጣሉ። በዚህ ጊዜ ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄድ እንጂ መፈለጊያ መቀያየር ድካም ነው።

ጥያቄ (የባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴ)፦ የዕቃውን ስም ሳላውቅ በፎቶ መፈለግ እችላለሁ?

ትችላለህ። ጉግል ሌንስ ለዕቃ ጎበዝ ነው። ከማንሳትህ በፊት ግን ቅባቱን ጥረግና ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር ካለ ፈልግ፤ ከፎቶው ይልቅ ያ ቁጥር ትክክለኛውን ያመጣልሃል።

ጥያቄ (አስጎብኚ፣ ጁገል)፦ «ራምቦ በሐረር» እየተባለ የሚዞር የፈረንሳዊው ገጣሚ የአርተር ራምቦ ፎቶ አለ። እውነተኛነቱን እንዴት ላጣራ?

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ፎቶውን ቲንአይ በሚባለው የምስል መፈለጊያ ላይ ጫነው፤ ከጥንቱ ጀምሮ ደርድርልኝ ስትለው መጀመሪያ ያገኘበትን ገጽ ያሳይሃል። ይህ ግን ፕሮግራሙ ያየበት ቀን እንጂ ፎቶው የተነሳበት አይደለም። ቀጥሎ ያንዴክስ ላይ ድገመው፤ በፊት መመሳሰል ኃይለኛ ነው። ከዚያም በፈረንሳይኛ ፈልግ። ገጣሚው ሐረር ውስጥ በ1883 በፈረንጆቹ ራሱን ያነሳባቸው ጥቂት ፎቶዎች በደንብ የታወቁ ስለሆኑ፣ ያንተ ፎቶ ከእነሱ መካከል ከሌለ ለቱሪስት ከማሳየትህ በፊት ተጠራጠር።

ጥያቄ፦ የዳታ ጥቅሌ ቶሎ ያልቃል። ቀላል መፈለጊያ አለ?

ዳክዳክጎ «ላይት» የሚባል ገጽ አለው፤ ሥዕልም ጌጥም የለውም፣ በደካማ ኔትዎርክ እንኳ ይከፈታል። ለዚህ ብቻ ሲባል ስልክ ላይ ቢቀመጥ አይቆጭም።

ጥያቄ፦ ኢኮዝያ በእውነት ዛፍ ይተክላል?

አዎ፣ ከማስታወቂያ ትርፉ። ማስታወቂያ ካልነካህ ግን የምታስገባለት ገቢ እምብዛም ነው።

ጥያቄ፦ ጉግል ከላይ የሚያስቀምጠውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጠቃለያ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

ከውጤቶቹ በላይ ካሉት ምርጫዎች «ዌብ» የሚለውን ንካ፤ አንዳንዴ «ተጨማሪ» ውስጥ ተደብቆ ታገኘዋለህ። የቀደመው ዓይነት ንጹሕ ዝርዝር ይመጣል። ማስታወቂያ ጨርሶ የሌለበት ከፈለግህ ካጊ የሚባል መፈለጊያ አለ፤ ያለ ገደብ ለመፈለግ በወር 10 ዶላር ያስከፍላል። ጥሩ ነው ይባላል፣ ጥሩም ነው፤ ግን ለአማርኛ ፍለጋ ብዬ ዶላር አላወጣም።