ስድስት ሚሊሜትር ፕሪዝም ከወዴት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለቤተ ሙከራችን የሌዘር ጨረር በ90 ዲግሪ የሚያዞሩ፣ ጎናቸው 6 ሚሊሜትር የሆነ አራት ፕሪዝሞች ያስፈልጉናል። በካታሎግ ያገኘሁት 5 እና 10 ብቻ ነው። በልክ ላሠራ?
የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መስታወቱን ትተው መያዣውን በልክ ያሠሩ። ባለ 5 ሚሊሜትሩን ይግዙ፤ ማቀፊያውን ደህና የቶርኖ ባለሙያ እዚያው ያበጅልዎታል። ለአራት ፍሬ ብሎ ማለስለሻውን የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ለአርባ የሚደክመውን ያህል ይደክማል፤ ዋጋውም በእርስዎ አራት ፍሬ ላይ ያርፋል።

የግድ 6 መሆን ካለበት፣ በትእዛዙ ላይ የመስታወቱን ዓይነትና የሚለሰልሱትን ገጾች ለይተው ይጻፉ። ለሚታይ ብርሃን ቢኬ7 የሚባለው የተለመደ የኦፕቲክስ መስታወት ይበቃል፤ ለአልትራቫዮሌት ግን ፊውዝድ ሲሊካ የሚባለውን ንጹሕ የሲሊካ መስታወት ይጠይቁ። በማዕዘን ጥራት ላይ ገንዘብ አያባክኑ፦ ጨረሩ በ3 ደቂቃ ማዕዘን (አንድ ደቂቃ የዲግሪ 60ኛ ነው) ቢዛነፍ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስህተቱ 1 ሚሊሜትር አይሞላም።

አደራ የምልዎት ጨረሩ ነጥሮ ስለሚዞርበት ሰያፍ ገጽ ነው። እኔ አንድ ጊዜ እሱን በማጣበቂያ ለጥፌ ግማሹ ብርሃን ሾልኮብኝ ቀኑን ሙሉ ምክንያቱን ስፈልግ ውያለሁ። የቢኬ7 የብርሃን ስብረት መጠን 1.517 ስለሆነ፣ ሙሉ ነጸብራቅ፣ ማለትም ብርሃኑ ሳይሾልክ ሙሉ በሙሉ መመለሱ፣ የሚጀምረው ከ41.2 ዲግሪ በላይ ነው፤ የእርስዎ 45 ዲግሪ ከዚህ ወሰን በላይ የሚሆነው ከገጹ ጀርባ አየር ካለ ብቻ ነው። ላብ ያለበት ጣት እንኳ ሲያርፍበት ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ ነጥብ ወዲያው ይደበዝዛል። ስለዚህ በሁለቱ ባለሦስት ማዕዘን ጎኖች በኩል ይያዙት፣ ሙጫውም እዚያው ላይ ይሁን።