የግማሽ ቀን ሠራተኛ ለምን እንደሚጠፋ፦ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ያገኘሁት ልምድ

የቡድናችን አባል የሆኑት እህታችን ፔዳ በሚባለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ አካባቢ ለከፈቱት ጁስ ቤት ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚሠራ አንድ ሰው ሦስት ወር ሙሉ ፈልገው እንዳጡ ገልጸው፣ «ባሕር ዳር በሥራ ፈላጊ ተሞልታ ሳለ ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?» ሲሉ ጠይቀዋል። ከእኛ መካከል ብዙዎች «ወጣቱ ሥራ ስለሚንቅ ነው» ብለው መልሰውላቸዋል። በጣና ዳር አነስተኛ ዓሣ ቤት ከከፈትኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስትና ሰባት ዓመታት እኔም ይህንኑ ስናገር ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን መልሱ ትክክል እንዳልሆነና ልጆቹንም እንደሚበድል ስለማምን ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍልዎ እወዳለሁ።

በእኔ ቤት ሰው የሚበዛው ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ነው። ጠዋት ቀረሶና አምባዛ ተረክቦ ለማጽዳት ሁለት ቋሚ ሠራተኞች ይበቁኛል፤ ምሳ ላይ ግን ጉላሹም ጥብሱም በአንድ ጊዜ ስለሚታዘዝ ተጨማሪ ሦስት ሰው ያስፈልገኛል። ለእነዚያ ሦስት ሰዓታት ብዬ የሦስት ሰው የሙሉ ቀን ደመወዝ ብከፍል ቤቱ ይዘጋል።

በ2014 ዓ.ም. ለምሳ ሰዓት አስተናጋጅ በወር 1,200 ብር እከፍል ነበር። የሙሉ ቀን አስተናጋጅ 2,000 ብር ትወስድ ስለነበር ለግማሽ ቀን ከግማሽ በላይ ሰጥቻለሁ ብዬ ልቤ ሙሉ ነበር። ከዓባይ ማዶ ትመጣ የነበረች አንዲት ጎበዝ ልጅ በስምንተኛው ቀን ልልቀቅ ስትለኝ ምክንያቷን ጠየቅኋት፤ እሷም በትዕዛዝ መቀበያው ወረቀት ጀርባ ላይ አሰላችልኝ። ባጃጅ ደርሶ መልስ 20 ብር፣ ለ26 ቀን 520 ብር ይሆናል፤ ለእሷ የሚቀረው 680 ብር ነው። ወንድሟ በዚያን ጊዜ ግንባታ ላይ በቀን 150 ብር ያገኝ ስለነበር፣ በወር ውስጥ አምስት ቀን ብቻ ቢቀናው እሷ ወሩን ሙሉ ተመላልሳ ከምታገኘው ይበልጥ ነበር። ባጃጁ ሦስት ሰዓት ለምትሠራውም ስምንት ሰዓት ለምትሠራውም የሚያስከፍለው እኩል ነው፤ ጥቁር ሱሪውና ነጭ ሸሚዙም እንደዚሁ። ከቤቷ 5 ሰዓት ላይ ወጥታ 10 ሰዓት ላይ ስትመለስ ደግሞ ጠዋቱም ማታውም ለሌላ ሥራ የሚበቃ ሆኖ አይተርፋትም። እኔ የገዛኋት ግማሽ ቀን መስሎኝ ነበር እንጂ እሷ የሰጠችኝ ቀኑን በሙሉ ነበር።

ሥራ አጥ የምንለው ሰው ጊዜው ባዶ ነው ብለን ማሰባችንም ያሳስተናል። በሠራተኛ ኃይል ጥናቶች አሠራር ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል፤ ሥራ በማግኘትና በማጣት መካከል ያለው መስመር ይህን ያህል ቀጭን ነው። አንዷ ጠዋት ጀበና ቡና ታፈላለች፣ ሌላው ገበያ ላይ ዕቃ ያራግፋል፣ ሌላዋ የታመመች እናቷን ታስታምማለች። የተመረቀው ልጅ ደግሞ የመንግሥት ቅጥር ማስታወቂያ እየተከታተለ ስለሚቆይ ለፈተና በተጠራበት ቀን የግድ መሄድ አለበት። እንዲህ ያለ ፈቃድ የጠየቀኝን አንድ ልጅ «እንግዲያስ ቅር» ብዬ አሰናብቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። ቤተሰቡ ስንት ዓመት ያስተማረው ልጅ ያንን ፈተና ለሦስት ሰዓት የምሳ ሥራ ሲል ቢተው ነበር የሚገርመው።

ከሁሉም የከፋው ጥፋቴ ግን የሰዓት ጉዳይ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ የምሳ ሠራተኞቼን እስከ 11 ሰዓት አቆያቸው ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጠዋት ደውዬ «ዛሬ አትምጡ» እል ነበር። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በጣና ሐይቅ ላይ ወዳሉት ገዳማት የሚሻገረው ጎብኚ ሲመናመን ሠራተኞቹን እንዲህ ማስቀረት የዘወትር ነገር ሆነ። ሰዓቱ የማይታወቅ የግማሽ ቀን ሥራ ከሌላ ሥራ ጋር ሊጣመር አይችልም፤ ሊጣመር የማይችል የግማሽ ቀን ሥራ ደግሞ ማንንም አያኖርም። ይህንን ለመረዳት ብዙ ልጆችን ማጣት አልነበረብኝም።

ዋስም አለ። ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ የሚያመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ተያዥ እጠይቅ ነበር። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትኖር ልጅ ለ1,200 ብር ሥራ እንዲህ ያለ ሰው ከወዴት ታመጣለች? ደላላውም ኮሚሽኑን ከመጀመሪያ ወር ደመወዝ ላይ ስለሚያስብ ጥሩ ሠራተኛ ሲያገኝ ወደ ሙሉ ቀን ቀጣሪ ይወስዳታል እንጂ ወደ እኛ አይመጣም።

በሕግ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን በአገር ደረጃ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። ስለዚህ ሒሳቡ በአብዛኛው የተተወው ለእኛ ለአሠሪዎች ነው።

እኔ የለወጥኩት ይህን ነው። ሰዓቱን ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል ወሰንኩ፤ ገበያ ጠፋም አልጠፋም ይከፈላል፣ ካስቆየሁ ተጨማሪ እከፍላለሁ። ክፍያውን በየሳምንቱ ቅዳሜ አደረግሁት፤ እቁባቸውን በወቅቱ መጣል ስለቻሉ ይህ ብቻውን ሁለት ሰዎች አቆይቶልኛል። ቀድሞ ለቋሚዎቹ ብቻ ይከፋፈል የነበረው ቲፕ አሁን በዕለቱ በሠሩት ሁሉ መካከል ይከፋፈላል፣ ምሳም ይበላሉ። ተያዥ የምጠይቀው ገንዘብ ተቀባይዋን ብቻ ነው። ማስታወቂያውንም ከደላላ አንሥቼ በእግር ሃያ ደቂቃ በማይሞሉ ሰፈሮች መለጠፍ ጀመርኩ። የመጡልኝም ከዚያ በፊት ያላሰብኳቸው ሰዎች ናቸው፦ ማታ የሚማሩ ሁለት ልጆችና ልጇን ከትምህርት ቤት 10 ሰዓት ላይ የምትቀበል አንዲት እናት። ወጪዬ ጨምሯል፤ በየወሩ አዲስ ሰው በማለማምድበት ጊዜ ይሰበር የነበረው ሳህንና ይቀየም የነበረው ደንበኛ ግን ቀርቶልኛል።

እርስዎ የሚፈልጉት የከሰዓቱን ሰው ስለሆነ ጉዳይዎ ከእኔ ትንሽ ይለያል። ፔዳ ተማሪ በዝቶበታል፤ ነገር ግን የክፍለ ጊዜው ድልድል በየሴሚስተሩ ይቀያየራል፣ ፈተና ሲደርስም ይጠፋሉ። አንድ ሰው ከመፈለግ ይልቅ ሁለት ተማሪዎችን ቀን ከፋፍለው እንዲሠሩ አድርገው፣ አንዱ ፈተና ሲኖርበት ሌላው እንዲተካው ቢያደርጉ የሚሻል ይመስለኛል። የሚከፍሉትን መጠን አልጻፉም፤ ቢጽፉልን ከባጃጁና ከሰዓቱ ጋር አብረን እናሰላዋለን። እኔም እስካሁን ያልፈታሁት የእሑድ ማታ ጉዳይ አለብኝ፤ መንገዱ በጊዜ ጭር ስለሚል ሠራተኞቼ ሳይመሽ ቤታቸው መግባት አለባቸው፣ በሐይቁ ዳር ደግሞ እንግዳ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። በዚህ ረገድ መላ ያገኘ አባል ካለ ቢያካፍለን በእጅጉ ይጠቅመኛል።