ጥናት ውስጥ ግቢ ተባልኩ፤ ልፈርም?

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ክትትል የማደርግበት ቦታ፣ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ደም መፍሰስ በሚሰጥ መድሃኒት ላይ ጥናት እየሠሩ ነው፤ እንድሳተፍ ጠይቀውኝ ወረቀት ሰጡኝ። ባለቤቴ «መሞከሪያ ሊያደርጉሽ ነው» ብሎ ጭራሽ አልተዋጠለትም። እምቢ ብል ደግሞ በምወልድበት ቀን ፊት እንዳይነሱኝ ሰጋሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እምቢ ማለት መብትሽ ነው። ባትገቢም ክትትልሽ ሊጓደል አይገባም፤ ፈርመሽ ከገባሽ በኋላም ሐሳብሽን ከቀየርሽ ምክንያት ሳትሰጪ መውጣት ትችያለሽ። ይህ ወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ አትፈርሚ።

የባለቤትሽ ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ታሊዶማይድ የሚባል የእንቅልፍ መድሃኒት እ.ኤ.አ. በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለገበያ ቀረበ፤ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ጀመር። በ1961 ከገበያ እስኪነሳ ድረስ ከ10,000 በላይ እንደሚሆኑ የሚገመቱ ሕፃናት ተጎዱ፤ ብዙዎቹ እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። ግን ይህ የደረሰው ጥናት ስለበዛ አይደለም፤ ለነፍሰ ጡር ደህና መሆኑ ሳይጠና በየቤቱ ስለገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ነፍሰ ጡሮችን ከመድሃኒት ጥናት ማራቅ ልማድ ሆነ። ለእነሱ የታሰበ ይመስላል፤ እኔን ግን ያበሳጨኛል። ነፍሰ ጡርም ትታመማለች፣ መድሃኒት ያስፈልጋታል፣ ሐኪሟ ታዲያ በምን መረጃ ይዘዝላት?

አንቺ የተጠየቅሽበት ጉዳይ ደግሞ ብዙ እናቶችን የሚገድል ነው። አዋላጆች የፈሰሰውን ደም ለረጅም ጊዜ በዓይን ነበር የሚገምቱት፤ አንሶላውና ጨርቁ የመጠጠውን ማን ይለካዋል? ኢ-ሞቲቭ የተባለው ጥናት ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ታንዛኒያ ውስጥ ከወላዷ ሥር ደም የሚያጠራቅም፣ የልኬት መስመር ያለው ፕላስቲክ አነጠፈ። ደሙ መስመሩ ላይ ሲደርስ ማህፀን ማሸቱም፣ መድሃኒቱም፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽም አንዱ አንዱን ሳይጠብቅ አብሮ ይጀመራል። ከ200,000 በላይ ሴቶች የተካተቱበት የዚህ ጥናት ውጤት በ2023 ሲወጣ ከባድ መድማትና መዘዙ በ60 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

ማን ይቆጣጠራቸዋል ካልሽ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አስቀድሞ ማጽደቅ አለበት፤ መድሃኒት የሚሞከርበት ጥናት ላይ ደግሞ መረጃውን በየጊዜው የሚያዩ ገለልተኛ ባለሙያዎች ይመደባሉ። እነዚህ ሰዎች ለይስሙላ የተቀመጡ አይደሉም። ከ1.8 ኪሎ በታች የተወለዱ ጨቅላዎችን ወዲያው እናታቸው ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ማቀፍ በተጠናበት ጊዜ፣ የታቀፉት ሞት በ25 በመቶ ገደማ ያነሰ ስለነበር ተቆጣጣሪዎቹ ጥናቱን ከታሰበለት ጊዜ በፊት አስቁመውታል፤ ሌሎቹን ሕፃናት ይህን እየነፈጉ መቀጠል አይቻልም ነበርና።

እንግዲህ ወረቀቱን ይዘሽ፣ ባለቤትሽንም አስከትለሽ ተመለሺ። ከተለመደው ሕክምና ምኑ ይለያል? መድሃኒቱ ወደ ጡት ወተት ይገባል? ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ያሳክመኛል? ሌሊት ቢያመኝ ለማን ልደውል? በሚገባሽ ቋንቋ፣ ሳይቸኩሉ ከመለሱልሽ እኔ ብሆን እፈርማለሁ። አሁኑኑ ፈርሚ ብለው ካጣደፉሽ ግን ወረቀቱን መልሺላቸው፤ ክትትልሽን ቀጥዪ።