ቁልፉን ከኪሳችሁ አታውጡ፦ ለዓመታት የቆመ የጀልባ ናፍጣ ሞተር ስለማስነሳት

ልጆቼ፣

ጣና ዳር የቆመ ጀልባ ሊታደስ ሲባል ቀፎው ይበየዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወንበር ይለወጣል። ሞተሩ መጨረሻ ላይ ይታወሳል፤ አንዱ ባትሪ ተሸክሞ ይመጣና «እስቲ እንሞክረው» ይላል። ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚያች «እስቲ» ነው።

ዐሥር ዓመት የቆመ የናፍጣ ሞተር ብዙ ጊዜ ይድናል። የሚሰበረው ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) በዞረባቸው የመጀመሪያ ጥቂት ሴኮንዶች ነው። ስለዚህ ከምንም በፊት የባትሪውን ገመድ ፍቱና ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉት፤ እናንተ በሌላችሁበት ቁልፍ የሚያዞር አዋቂ አይጠፋም።

ምሳሌዬ ፐርኪንስ 4.236 ነው፦ አራት ሲሊንደር፣ 3.86 ሊትር። በማሴይ ፈርጉሰን ትራክተር ላይም የተገጠመ ስለሆነ ትራክተር የነካ መካኒክ ግራ አይጋባበትም። ልዩነቱ በማቀዝቀዣውና በጭስ ማውጫው ላይ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያው ነው። ጀልባ ላይ የሐይቁ ውሃ ሥራውን ጨርሶ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። ሞተሩ ሲቆም በጭስ ማውጫው ክርን ውስጥ የቀረው ውሃ፣ ክርኑ ከዛገ ደግሞ ያሳለፈው ውሃ፣ ክፍት ሆኖ በቆመው የጭስ ባልቦላ (ጭሱን የሚያስወጣው መዝጊያ) በኩል ወደ ሲሊንደር ሊገባ ይችላል። ውሃ እንደ አየር አይጨመቅም። ፒስቶኑ እየወጣ ውሃው ጋ ሲደርስ ቢዬላው፣ ፒስቶኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ይጎብጣል። ክፋቱ፣ ቢዬላው የጎበጠ ሞተር ሊነሳም ይችላል፤ «ተሳካ» ብላችሁ ሐይቁ መሀል ከደረሳችሁ በኋላ ብሎኩን በስቶ ይወጣል።

እንግዲህ መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ምዘዙ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ወይም ከላይኛው ምልክት ካለፈ ውሃ ወይም ናፍጣ ገብቶበታል። ጀልባ ውስጥ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ከቀፎው ወለል ጋር ስለሚጠጋ ከሥር ፈትቶ ማፍሰስ አይመችም። በመለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ እስከ ኮፓው ወለል አውርዱና በእጅ ፖምፓ ሳቡት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሊትር በብርጭቆ ዕቃ ተቀብላችሁ እዩት።

ከዚያ አራቱንም ኢንጀክተሮች (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን) አውጡ። አንዱን ብቻ አውጥቶ በእሱ ማየት አይበቃም፤ ውሃው ያለው በሌላኛው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ውሃ ካለ ምጠጡት። በየቀዳዳው 40 ሚሊ ሊትር ያህል ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ እኩል ለእኩል፣ ጨምሩና ሦስት ቀን ተዉት። በዘይቱ ላይ አሴቶን የሚቀላቅሉ አሉ፤ አይሠራም አልልም፣ ግን በታፈነ የጀልባ ሞተር ክፍል ውስጥ ያን እንፋሎት ማጠራቀም እሳት መጥራት ነው። እኔ ብሆን ሌላ ሦስት ቀን እጠብቃለሁ።

የባልቦላዎቹን መክደኛ ክፈቱና በየእግራቸው ዘይት አንጠባጥቡ። አሁን በክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፊት ባለው ትልቅ ብሎን ላይ 60 ሳንቲ ሜትር እጀታ ያለው ቁልፍ አግቡና በአንድ ክንድ ጉልበት ብቻ ግፉ። ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ። ወደ ኋላ ስትሉ ብሎኑ ራሱ እንዳይፈታ ዓይናችሁን ጣሉበት። እምቢ ካለ ቧንቧ ቀጥላችሁ እጀታውን አታስረዝሙ፤ ዘይቱን ጨምራችሁ ጠብቁ። ፋሻውን (የፒስቶኑን ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ያጣበቀው ቀጭን ዝገት ነው፤ በጉልበት ከተላቀቀ ፋሻው ይሰበራል፣ በዘይት ከላላ ግን ሳይጎዳ ይወጣል።

ሲዞርላችሁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ሁለት ዙር ማለት ስምንቱም ባልቦላዎች አንዴ ከፍተው የሚዘጉበት ነው። አንዱ ወርዶ ካልተመለሰ እዚያው አቁሙ፤ ፒስቶኑ ከሥር ይመጣበታልና። ዘይት አጠጡት፣ በፕላስቲክ መዶሻ በቀስታ ነካ ነካ አድርጉት። ሁሉም ሲንቀሳቀሱ በየባልቦላው ጫፍና በሚገፋው ብረት መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፤ ለዚህ ሞተር ቀዝቃዛ ሆኖ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው።

ናፍጣው ላይ ደግሞ ጊዜ ውሰዱ። ከታንኩ ወለል አንድ ሊትር ቅዱና በብርጭቆ አሳድሩት። ጠዋት ውሃው ከታች ይቀመጣል፤ በውሃውና በናፍጣው ድንበር ላይ ጥቁር ልጋግ ካያችሁ እዚያ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው፤ ውሃ ከሌለ አይባዙም። እንዲህ ያለ ታንክ ተከፍቶ መታጠብ አለበት፤ አዲስ ናፍጣ ከላይ መጨመር ልጋጉን አናውጦ ወደ ፊልትሮው መላክ ብቻ ነው። ለማስነሳቱ ሥራ ታንኩን ጨርሶ እርሱት። ንጹሕ የአምስት ሊትር ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ አዲስ ቱቦ፣ አዲስ ፊልትሮ።

የዚህ ሞተር የናፍጣ ፖምፓ ብዙ ጊዜ ሲ.ኤ.ቪ. የሚባለው፣ ውስጡ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። ውስጡን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው እንጂ ሌላ ዘይት የለውም፤ ስለዚህ ናፍጣ ሳይጠጣ በሞተሪኖ ከዞረ ይነክሳል። ሁለተኛው ጠባዩ ይበልጥ ያስፈራል። የናፍጣውን መጠን የሚቆጣጠር አንድ ትንሽ ቫልቭ አለው፤ ያረጀ ናፍጣ ሙጫ ሆኖ ያጣብቀዋል። ተዘግቶ ከተጣበቀ ሞተሩ አይነሳም፣ ጉዳት የለውም። ተከፍቶ ከተጣበቀ ግን ሞተሩ እንደተነሳ ፍጥነቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ የማቆሚያውን እጀታ ብትስቡም አይሰማም። እጀታው ከውጭ ስለላላ አትታለሉ፤ መካከላቸው ስፕሪንግ አለ፣ ቫልቩ ተጣብቆም እጀታው ይንቀሳቀሳል። ሙጫ ካያችሁ ፖምፓውን አውርዳችሁ መፈተሻ ማሽን ወዳለው ቤት ውሰዱት። ከመፍታታችሁ በፊት በፖምፓው ጠርዝና በሞተሩ ገላ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በሹል ብረት ጫሩ፤ ሲመለስ መስመሩ ካልገጠመ ናፍጣው የሚረጭበት ቅጽበት ይዛባል። ኢንጀክተሮቹንም አብራችሁ አስፈትሹ። የሚረጨውን ናፍጣ በእጅ ለመንካት አትሞክሩ፤ ቆዳ በስቶ ደም ውስጥ ይገባል፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ጉዳት ነው።

አየር ማስወጣት ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ፊልትሮው ላይ፣ ቀጥሎ ፖምፓው ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ብሎኖች፣ መጨረሻ ኢንጀክተር ጋ። ናፍጣውን በእጅ የምትገፉባት መግፊያ ልል ሆና ምንም ካልገፋች ተበላሽታ ላይሆን ይችላል፤ የሚገፋት ካም (ሞተሩ የሚያዞረው ጉብታ) ጫፉ ላይ ቆሞ ይሆናል። ሞተሩን አንድ ዙር በእጅ አዙሩና እንደገና ሞክሩ።

ማቀዝቀዣው ላይ ብዙ አልቆይም። የሐይቁን ውሃ የሚስበው ፖምፓ የጎማ ክንፎቹ በቆመበት እንደታጠፉ ደርቀዋል፤ ሳትፈትሹ ለውጡት። ከአሮጌው የጎደለ ክንፍ ካለ ቁራጩን ሳታገኙ አትለፉ፤ ማቀዝቀዣው አፍ ላይ ተቀምጦ ነው የምታገኙት። ጣና ውሃው ደለል ያለበት ነው፣ እምቦጭም አለ፤ የመግቢያውን ወንፊት አውጥታችሁ እጠቡ። እዚህ ከፍታ ላይ፣ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ውሃ በ94 ዲግሪ ይፈላል፤ ስለዚህ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን እዚህ ይቅርታ የለውም።

ከፍታው ሌላም ነገር ያዛባል። የፋብሪካው መጽሐፍ ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው፤ እዚህ የአየሩ ግፊት አራት አምስተኛ ያህል ነው። የመጭመቅ ግፊቱ ሲለካ እዚያ 28 ባር የሚያሳይ ሲሊንደር እዚህ 23 ቢያሳይ አላረጀም። እናንተ የምትፈልጉት በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አንዱ በሦስት አራት ባር ካነሰም ቴስታታ (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ለማውረድ አትቸኩሉ፤ የተጣበቀ ፋሻ ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ ብዙ ጊዜ ይላቀቃል።

አሁን ባትሪው ይምጣ። አዲስ ዘይት፣ 15 ደብሊው 40፣ ከነፊልትሮው። ኢንጀክተሮቹ እንደወጡ፣ የማቆሚያው እጀታ ተስቦ፣ የሐይቁ ውሃ መግቢያ ቧንቧ ተዘግቶ፣ በየቀዳዳው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ፣ ፊታችሁን አርቃችሁ ሞተሪኖውን ዐሥር ሴኮንድ አዙሩ፤ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት፣ ድገሙ። በሲሊንደሩ የቀረው ዘይት ሁሉ ይትፋ፤ ከቀረ እንደ ውሃው ቢዬላ ያጎብጣል። የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነሳ ድረስ ኢንጀክተር አትግጠሙ። ስትገጥሙ የመዳብ ቀለበቱ አዲስ ይሁን።

ቧንቧው ለምን ይዘጋል? ሞተሪኖው በዞረ ቁጥር ፖምፓው ውሃ ወደ ጭስ ማውጫው ይልካል፤ ገፍቶ የሚያስወጣው ጭስ ግን የለም። ብዙ ከሞከራችሁ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ይሞላና ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል፤ ያ ሁሉ የሦስት ቀን ድካም በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። ሞተሩ እንደተቀበለ ወዲያው የሚከፍት አንድ ሰው ቧንቧው ላይ ይቁም።

ሌላ ሰው ደግሞ አየር መግቢያው ላይ ይቁም። የአየር ፊልትሮውን አውልቁ፣ የአይጥ ወይም የወፍ ጎጆ ካለ ጥረጉ፣ አፉን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጣውላ አዘጋጁ። ሞተሩ ካመለጠ፣ ፍጥነቱ አልገታ ካለ፣ የሚያቆመው ያ ጣውላ ነው። ጨርቅ አይሆንም፣ ይሳባል፤ እጅም እንደዚያው። ኤተር የሚነፋ ካለ አስወጡት። ይህ ሞተር በአየር መግቢያው ውስጥ ናፍጣ አቃጥሎ የሚያሞቅ መሣሪያ አለው፤ ኤተሩ እዚያው ይፈነዳል።

ሲነሳ ጋዙን ዝቅ አድርጉ። በዐሥር ሴኮንድ ውስጥ የዘይት ግፊት ካልታየ አጥፉ። ከጭሱ ጋር ውሃ መውጣቱን እዩ። ነጭ ጭስ መጀመሪያ ላይ አያስደንግጥ፤ ሞተሩ ሞቆም ካልተወ ግን ውሃ ወይም ያልነደደ ናፍጣ ነው። ጭነት ላይ ትንሽ ጥቁረት ከፍታው የሚያመጣው ነው፤ ለዚያ ብላችሁ የፖምፓውን የታሸገ ብሎን አትንኩ።

ሥራ ፈቶ እንዲጮህ አትተዉት፤ ያለ ጭነት ፋሻው አይቀመጥም። ሩብ ሰዓት ከሞቀ በኋላ ጀልባውን በአራት ጠንካራ ገመድ እሰሩና ማርሽ አስገቡ። የካምቢዮውን ዘይት ቀድማችሁ እዩ፣ ፕሮፔለሩ ዙሪያ ገመድም ሣርም አይኑር። ዘንጉ ቀፎውን በሚያልፍበት ቦታ ያለው ማሸጊያ ደርቆ ይሆናል፤ በደቂቃ ጥቂት ጠብታ ማስገባቱ ደህና ነው፣ ጨርሶ ካላንጠባጠበ ግን ይቃጠላል፣ በእጅ ንኩና ሙቀቱን እዩ። ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ያን አዲስ ዘይት ሞቅ እንዳለ ሳቡና ጣሉት፤ በብርጭቆ ስታዩት ለምን እንዳልኳችሁ ይገባችኋል።