ለመኖር ከሆነ በነሐሴ ኑ፦ ስለ ፑዌርቶ ቫያርታ ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? ፑዌርቶ ቫያርታ ስኖር ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከዚያ በፊት ሜሪላንድ ነበርኩ። ከተማዋ በሜክሲኮ ምዕራብ፣ ሃሊስኮ ግዛት ውስጥ፣ ፓስፊክ ዳር ነች። ከኋላዋ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕር። ያወቀኝ ሁሉ ስለ ኑሮዋ ስለሚጠይቀኝ፣ ዛሬ ቡናዬን አፍልቼ ቁጭ ብያለሁ። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ? ለምን ሜክሲኮ አደባባይ አልበቃሽም?

መልስ፦ ይህን ቀልድ ስሰማ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም! ግን አደባባዩ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ጣሊያን ሲወረን ሜክሲኮ በመንግሥታት ማኅበር ከኛ ጎን ቆማለች። እነሱም ዋና ከተማቸው ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። ቫያርታ ውስጥ ግን ይህን የሚያስታውስ ሰው እምብዛም አይገኝም። ሲያዩኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ኩባዊት ነሽ?» ብለው ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ዳላስ ነው የምንኖረው፣ ጡረታ ልንወጣ ነው። ባለፈው ጥር አንድ ሳምንት ቆይተን በጣም ወደድነው። ቤታችንን ሸጠን ብንመጣ ምን ትያለሽ ልጄ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥር ማንንም ያታልላል። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ማታ ነጠላ የሚያስደርብ ነፋስ አለ። ያን ጊዜ የመጣ ሰው ገነት ገባሁ ቢል አይፈረድበትም።

ክረምቱ የሚገባው እንደኛው በሰኔ ነው። የኛ ክረምት ያበርዳል፣ የዚህኛው ያፈላል። ቀን ቀን 32፣ 33 ዲግሪ ነው። ቁጥሩ አያስፈራም፣ አሳሩ ያለው እርጥበቱ ላይ ነው። ገላዎን ታጥበው ፎጣውን ሳይሰቅሉ መልሶ ያልብዎታል። ማታ ነጎድጓዱ ይጀምርና በኮብልስቶን የተነጠፉት ዳገቶች ወንዝ ይሆናሉ። በመጀመሪያው ክረምቴ ቁም ሳጥን ውስጥ የተውኩት የቆዳ ጫማ በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ፀጉር አበቀለ። በርበሬዬም ድንጋይ ሆነ። በማንኪያ አልሰበር ብሎኝ በሙቀጫ ነው የወቀጥኩት።

አውሎ ነፋስም አለ። ተራሮቹ ብዙውን ጊዜ ይከላከሉልናል፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። በኦክቶበር 2023 ሊዲያ የተባለችው፣ 4ኛ ደረጃ የነበረችው፣ ከከተማዋ ደቡብ ነው የገባችው። የዚያን ዕለት መስኮቱን ፍራሽ አስደግፌ መታጠቢያ ቤት ተቀምጬ ነው ያመሸሁት።

ሌላው መብራት ነው። ሂሳቡ በየሁለት ወሩ ይመጣል። መንግሥት ይደጉማል፣ ነገር ግን ኤሲ ቀንና ሌሊት ካበሩ ፍጆታዎ ከተፈቀደው ያልፍና ድጎማው ይነሳል። የሚታየው የዓመቱ አማካይ ስለሆነ፣ በኋላ ኤሲውን ቢያጠፉም ቶሎ አይመለስልዎትም። እኔ የተከራየሁትን ቤት ከኔ በፊት የነበረው ሰው እዚያ ደረጃ ላይ አድርሶት ሄዶ ኖሮ፣ አከራዬ አንድም ቃል ሳይነግሩኝ ሂሳቡን ስቀበል እንባዬ ነው የመጣው። ቤት ስታዩ ያለፉትን ስድስት ደረሰኞች አሳዩን በሉ።

ስለዚህ አይሽጡ። መጀመሪያ በነሐሴ መጥተው አንድ ወር ይቀመጡ። ከዚያ በኋላም ከወደዱት፣ እውነትም ወደውታል። አዎ፣ ሳልረሳው፦ ሜዲኬር፣ የአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን፣ ከአሜሪካ ውጭ በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ አይከፍልም። የጡረታ ክፍያዎ፣ ሶሻል ሴኩሪቲው፣ ግን እዚህ ድረስ ይከተልዎታል።

ጥያቄ፦ የቱ ሰፈር ይሻላል? ሶና ሮማንቲካ ይሉታል።

መልስ፦ ለሳምንት እሱ ነው። ባሕሩ፣ ምግቡ፣ ጭፈራው ሁሉ በእግር ነው። ለዓመት ግን ኪራዩ በዶላር የሚጠራበት፣ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሙዚቃ የማይጠፋበት ሰፈር ነው። እኔ ሁለት ወር ኖሬበት ሸሽቻለሁ። አሁን ያለሁት ፒቲያል ነው። ከባሕሩ ራቅ ይላል፣ ግን የራሱ አደባባይ፣ የራሱ ቤተ ክርስቲያን፣ የራሱ ገበያ አለው። ማታ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ እናቶች በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ያደግኩበትን ሰፈር ይመስለኛል። ቬርሳዬስም ጥሩ ነበር፣ ምግብ ቤቶቹ ዝና ካገኙ ወዲህ ኪራዩ አብሮ ወጣ።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዤ መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ ቪዛ ያስፈልግሃል። አዲስ አበባ ኤምባሲ አላቸው። ግን የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የጃፓን ወይም የሸንገን የጸና ቪዛ ወይም ቋሚ መኖሪያ ካለህ ለጉብኝት የሜክሲኮ ቪዛ አትጠየቅም። ቢበዛ 180 ቀን ይሰጡሃል፣ ስንት እንደሚጽፉልህ ግን በመኮንኑ እጅ ነው። ማህተሙን ሳታይ ከመስኮቱ አትነሳ።

ለመኖር ከሆነ ጊዜያዊ መኖሪያ የሚጠየቀው ከሜክሲኮ ውጭ፣ ቆንስላ ሄደህ ነው። ገቢ ወይም ቁጠባ ታሳያለህ፣ መጠኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ከገባህ በ30 ቀን ውስጥ ካርድ ለማውጣት ማመልከት አለብህ። መጀመሪያ ለአንድ ዓመት ነው፣ እየታደሰ እስከ አራት ይሄዳል።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። ከአሜሪካ ከስድስት ወር በላይ በተከታታይ ከወጣችሁ የዜግነት ቆጠራችሁ ሊበላሽ ይችላል። ዓመት ካለፈ ካርዱ ራሱ አደጋ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የውጭ ዜጋ ቤት መግዛት ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፣ ግን በቀጥታ በስሙ አይደለም። ሕገ መንግሥታቸው ከባሕር ዳር 50 ኪሎ ሜትር ውስጥ የውጭ ዜጋ መሬት በስሙ እንዲይዝ አይፈቅድም። ስለዚህ ባንክ በአደራ ይይዝልሃል። ውሉ 50 ዓመት ነው፣ ይታደሳል። መሸጥም ማውረስም ትችላለህ። አንድ ነገር ብቻ፦ «ኤሂዶ» የሚባል የገበሬዎች የወል መሬት አለ። ርካሽ ነው ብለው ካሳዩህ ጫማህን አንስተህ ሩጥ።

ጥያቄ፦ ኤርፖርት ላይ አጭበርባሪ አለ ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ አጭበርባሪ እንኳ አይባሉም፣ ምላሰኞች ናቸው። ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች የሞሉበት አዳራሽ አለ። «ታክሲሽ በዚህ ነው፣ ሆቴልሽ ማን ነው?» ይላሉ። የሚሸጡት የእረፍት ቤት ድርሻ ነው። እኔ መጀመሪያ ስመጣ በነጻ ዓሣ ነባሪ እናሳይሻለን ብለውኝ ቁርስ ጋበዙኝ። ቁርሱ አራት ሰዓት ፈጀ። ሦስት ሰው እየተፈራረቀ ለመነኝ፣ በመጨረሻ አንዱ ተቆጣኝ። አንገትሽን ደፍተሽ ውጪ። በእግረኛ ድልድዩ ተሻግረሽ ማዶ ብትሄጂ አውቶቡስም ኡበርም አለ፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ምን ትበያለሽ እህቴ? ሁሉም ሥጋ ነው መሰለኝ።

መልስ፦ እንዲያውም ጾመኛ የሚራብበት አገር አይደለም። ቶርቲያው በቆሎ ነው። ባቄላ በየቤቱ አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ስለሚሠሩት «ሲን ማንቴካ» በይ፣ ያለ ስብ ማለት ነው። አቮካዶው እንደ ጉድ ነው። ደግሞ በለስ ታውቂያለሽ አይደል? የኛ ሰው ፍሬውን ይበላል። ተክሉ መጀመሪያ የመጣው ከዚህ አገር ነው፣ እነሱ ደግሞ ቅጠሉንም ይበሉታል። እሾሁን በቢላ ፍቀው፣ በቀጫጭኑ ከትፈው፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ይጠብሱታል። ኖፓል ይባላል። ትንሽ ይዝለገለጋል፣ መጀመሪያ ላይ ባሚያ ባሚያ ብሎኝ ነበር። አሁን በጾም ያለሱ አልውልም።

በርበሬ ራሴ እሠራለሁ። ጓሂዮ የሚባለው ደረቅ ቃሪያ ቀለሙ ልክ የኛው ነው፣ ግን አያቃጥልም፣ ስለዚህ ቺሌ ዴ አርቦል እጨምርበታለሁ። ኮረሪማ የለም። እንጀራ በጤፍ ካላመጡልኝ አይታሰብም። ሙቀቱ ደግሞ ሊጡን አይታገሥም፣ ሜሪላንድ ሦስት ቀን የሚፈልገው እዚህ በማግስቱ ገንፍሎ ወለል ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ቡናስ?

መልስ፦ የጠበቅኩት ጥያቄ! ከባሕሩ ወደ ተራራው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስትነጂ ሳን ሴባስቲያን ዴል ኦዌስቴ የሚባል የድሮ የብር ማዕድን መንደር አለ። ከፍታው 1400 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ቡናም ይበቅላል። ጥሬውን ከዚያ ገዝቼ በረንዳዬ ላይ እቆላለሁ። መጀመሪያ የቆላሁ ቀን ጭሱ ሲወጣ ጎረቤቴ እሳት የተነሳ መስሏቸው ባልዲ ይዘው መጡ። ምጣዱን አይተው ባልዲውን አስቀመጡና ተቀመጡ። አቦሉን ጠጥተው ሊነሱ ሲሉ ገና ቶና፣ በረካ አለ አልኳቸው። አሁን እሁድ ሲሆን ባልዲ ሳይሆን ኮንቻ የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ። የነሱም ቡና በሸክላ ነው የሚፈላው፣ ግን ቀረፋና ጥቁር ስኳር ይጨምሩበታል። በዚህ አልተግባባንም።

ጥያቄ፦ አራት ቀን አለኝ፣ የግድ የማየው ምንድን ነው?

መልስ፦ ማታ ማሌኮን ላይ ተንሸራሸር፣ የባሕሩ ዳር የእግር መንገድ ነው። ቱባ ሻጩን ፈልግ። ቱባ ከኮኮናት ዘንባባ የሚቀዳ ጭማቂ ነው፣ ከቅል እየቀዳ፣ ፖምና ለውዝ ከትፎ ይሰጥሃል። ከዚያ ሽቅብ ስታይ ዘውድ የደፋችው የጓዳሉፔ ቤተ ክርስቲያን አለች። የቀድሞውን ዘውድ እ.ኤ.አ. የ1995ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጥሎታል።

አንድ ቀን ለደቡቡ ስጥ። ቦካ ዴ ቶማትላን ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባሕሩ ዳርቻ ጫካ ጫካውን በእግር ወደ ላስ አኒማስ። ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው፣ ዳገት ቁልቁለት ይበዛዋል፣ ውሃ ያዝ። ስትመለስ በጀልባ። ወይም ጀልባው ላይ ቆይተህ ዬላፓ የሚባለው መንደር ውረድ፣ ሴቶች ኬክ በራሳቸው ተሸክመው አሸዋው ላይ እየዞሩ ይሸጡልሃል። የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ባለጀልባውን ጠይቅ። ሳልጠይቅ ቀርቼ እዚያው አድሬ አውቃለሁ።

ከዲሴምበር እስከ ማርች ከመጣህ ዓሣ ነባሪዎቹ አሉ። ከሰሜን ቀዝቃዛ ባሕር ለመዋለድ ነው የሚመጡት። ከዲሴምበር 1 እስከ 12 ደግሞ ሆቴሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የታክሲ ማኅበሩም በየተራ እየዘመረ ወደ ጓዳሉፔ ይሄዳል። ነጭ የለበሱ ሕጻናት፣ ሻማ፣ ከበሮ። መጀመሪያ ያየሁት ዓመት ጥምቀት ትዝ ብሎኝ መሐል መንገድ ላይ እልል ብያለሁ። ሰው ዞሮ አየኝ።

ጥያቄ፦ ከካንኩን በምን ይለያል?

መልስ፦ ካንኩን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት በዕቅድ የሠራው የመዝናኛ ከተማ ነው። ውሃው ከኛው የበለጠ ሰማያዊ ነው፣ አሸዋውም ነጭ፣ አይካድም። ቫያርታ ግን ቱሪስት ሳይመጣ በፊትም ከተማ ነበረች። ዝናዋ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 የሆሊውድ ሰዎች ሚስማሎያ የሚባለው ዳርቻ ላይ ፊልም ሊሠሩ መጥተው፣ ተዋናይቷ ኤልዛቤት ቴይለርም ተዋናዩን ሪቻርድ በርተንን ተከትላ ስትመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ደኅንነቱስ? ካርቴል ምናምን እየተባለ።

መልስ፦ የሌለ አልልሽም፣ ሃሊስኮ ዕፅ አዘዋዋሪ ቡድኖች ያሉበት ግዛት ነው። እኔ ከከተማ ወደ ከተማ በሌሊት አልነዳም፣ ማን ምን እንደሚነግድ አልጠይቅም፣ ዜና እከታተላለሁ። በየቀኑ ግን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ባሕሩ ላይ ቀይ ባንዲራ ካለ አትግቢ። ማሪና በሚባለው ሰፈር አካባቢ ደግሞ አዞ አለ። ሳልቀልድ። በክረምት አንዳንዴ አሸዋው ድረስ ይወጣል፣ ማታ ውሃው ዳር አትቀመጪ።

ጥያቄ፦ ሥራ አገኛለሁ?

መልስ፦ በአገሩ ደመወዝ፣ በዶላር ኪራይ? አይሆንም። ሥራህን ይዘህ ና።

ጥያቄ፦ ስፓኒሽ ሳይችሉ መኖር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን እንግዳ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ደግሞ ለሐበሻ ቀላል ነው፣ ወጉ ይመሳሰላል። ሲጠሩሽ «ማንዴ?» ትያለሽ፣ ቁርጥ የኛው «አቤት»። ምግብ ቤት ስትገቢ ለማታውቂው ሰው «ፕሮቬቾ» ትያለሽ፣ ይስማማህ እንደማለት ነው። እኛ የሚበላው «እንብላ» ይላል፣ እዚህ የሚያልፈው ነው የሚመርቀው። «አኦሪታ» ካሉሽ ግን ተጠንቀቂ። ትርጉሙ አሁን ነው። የቧንቧ ሠራተኛው አኦሪታ ካለኝ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ጥያቄ፦ የዳላሱ ነኝ ልጄ። ባለቤቴ እሺ ብላለች፣ በነሐሴ እንመጣለን። ምን እናምጣልሽ?

መልስ፦ ጋሼ፣ የጤፍ ዱቄትና ኮረሪማ። የቆዳ ጫማዎን ግን እዚያው ይተዉት።