ውሃውን ማን ይቀዳል?

ልጆቼ፣ ታሪክ ሳስተምር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ከሰጠሁት የቤት ሥራ ሁሉ አንዱ ግን እስካሁን አይረሳኝም።

ስለ ፖላንዷ ፕሸሚሽል ከተማ እየተማርን ነበር። በናዚ ወረራ ዘመን ስቴፋኒያ ፖድጉርስካ የምትባል ካቶሊክ ወጣት በቤቷ ጣሪያ ሥር 13 አይሁዶችን ደበቀች። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ሄለና ብቻ ናት። ገና የስድስት የሰባት ዓመት ልጅ። አይሁድ የደበቀ ሰው ቅጣቱ ሞት ነበር። ይባስ ብሎ ጀርመኖች ከዚያው ቤት አንዱን ክፍል ወስደው ነርሶች አስገቡበት። ከታች ጀርመኖች፣ ከላይ 13 ሰው! በፈረንጆቹ 1944 ሐምሌ ላይ የሶቪየት ጦር ሲገባ አሥራ ሦስቱም በሕይወት ነበሩ። እስራኤል ያለው የአይሁድ እልቂት መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም በፈረንጆቹ 1979 ሁለቱንም እህትማማቾች አክብሯቸዋል።

«በሄለና ቦታ ሆናችሁ ጻፉ» አልኳቸው። ብዙዎቹ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ጀግና የሆነች ልጅ አመጡልኝ። ማረሙ አሰልቺ ነበር፣ አልዋሽም። አንዲት ተማሪ ግን እንዲህ ብላ ጀመረች፦ «እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚሄዱት? የ13 ሰው ውሃ ማን ይቀዳል?»

ክፍሉ ሳቀባት። እኔ ግን ደነገጥኩ። በቀይ ሽብር ጊዜ እኛ ቤት ጓዳ ውስጥ አንድ ወጣት ተደብቆ ነበር። እናቴ እንቁላሉን ለእሱ ስታቀርብ ጥርሴን ነክሼ አያለሁ። በኋላ ማታ ማታ ሒሳብ ሲያስረዳኝ ነው የወደድኩት። የመጀመሪያውን ግን አፍሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እናንተ አያቶቻችሁን ስለ ክፉ ዘመን ስትጠይቁ «ምን አደረጋችሁ?» ብላችሁ አታቁሙ። አልጋው የማን ነበር? ባልዲውን ማን ደፋ? ተናደው ነበር ወይ? በሏቸው። ሰው ለመደበቅ የሚወስኑት ትልልቆቹ ናቸው። ልጁን ማንም አያማክረውም። ቀስ በቀስ ነው የራሱ የሚያደርገው፤ ለእኔ ወሬው ያለው እዚያ ላይ ነው።

በተማሪዬ ድርሰት መሀል ላይ ከጣሪያው ሥር አንድ ሰው ያስላል። ሄለናም ቶሎ ብላ ታስላለች፣ ነርሶቹ የእሷ እንዲመስላቸው። ማንም አላዘዛትም። መጨረሻ ላይ ሰዎቹ ወርደው ይሄዳሉ። በማግስቱ ሄለና እንደ ልማዷ ባልዲዎቹን ሁሉ አንጠልጥላ ትወጣለች። የሚቀዳው የሁለት ሰው ውሃ ብቻ መሆኑ ትዝ የሚላት ደጃፍ ላይ ስትደርስ ነው።