መራጩ ማነው? ዘረመልን ለሚጀምሩ ወጣቶች

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ተረቱ። ዞር ብሎ ደግሞ «እሳት አመድ ይወልዳል» ይላል። በልጅነቴ ሁለቱ የተጣሉ ይመስሉኝ ነበር። ዕድሜዬን ከዲኤንኤ ጋር ከጨረስኩ በኋላ ግን አልተጣሉም እላለሁ። ልጅ ወላጁን ይመስላል፤ ልጅ ወላጁን አይመስልም። የእኛ ሙያ እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳያጋጩ ማስረዳት ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ አንድ ተማሪ ነው። ቢሮዬ መጥቶ፣ «ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጓደኞቼ ሁሉ ኮድ እየጻፉ ነው። እኔ ፒፔት ይዤ ልቅር?» አለኝ። ፒፔት በላብራቶሪ ጠብታ የምንለካበት መሣሪያ ነው። ወዲያው አልመለስኩለትም። ዕድሜ ሲገፋ መልስ ቶሎ አይመጣም፤ ሲመጣም ይረዝማል። ለእሱም ለእናንተም እዚህ ልጻፈው። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሽታ ልጀምር።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ አንዲት የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ልጆቹ ሲወለዱ ደህና ነበሩ። እያደጉ ሲመጡ ግን አእምሯቸው ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ ቀረ። እናትየዋ አንድ ነገር አስተውላለች፤ ልጆቹ እንግዳ የሆነ ሽታ ይሸታሉ። ከሐኪም ሐኪም ዞረች። ሰሚ አላገኘችም። በ1934 አስቢዮርን ፎሊንግ የሚባል ሐኪም ዘንድ ደረሰች። ሰውየው ከሕክምናው በፊት ኬሚስትሪ ተምሯል። የልጆቹን ሽንት ወስዶ ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ አደረገበት። ምንም ከሌለ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። የከፋ የስኳር ሕመም ካለ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ይሄኛው አረንጓዴ ሆነ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ በወጣትነቴ ብሆን ብልቃጡን ነበር የምጠረጥረው። አጥቤ እደግመዋለሁ። አሁንም አረንጓዴ ከሆነ ኬሚካሉ ተበላሽቷል ብዬ እደፋዋለሁ። ፎሊንግ አልደፋም። ልጆቹ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ አስቁሞ እንደገና ሽንት አስመጣ። ያው አረንጓዴ። ከዚያ በሊትር የሚቆጠር ሽንት አጠራቅሞ፣ አረንጓዴውን ያመጣውን ነገር አጣርቶ አወጣው። ፊኒልፓይሩቪክ አሲድ ነበር። በሽታውን ዛሬ ፊኒልኬቶኑሪያ እንለዋለን። ፊኒልአላኒን የሚባለውን፣ ከምግብ የሚመጣውን አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) የሚለውጠው ኢንዛይም፣ ጂኑ ላይ ባለ ስህተት የተነሳ አይሠራም። ፊኒልአላኒኑ ደም ውስጥ ይጠራቀምና የሕፃኑን አእምሮ ይጎዳል።

ከዚህ ታሪክ ከምንም በላይ የምወደው ቀጥሎ የመጣውን ነው። በ1953 ሆርስት ቢከልና ባልደረቦቹ ፊኒልአላኒኑ የተቀነሰለት ምግብ ለአንዲት ሕፃን ሰጥተው መሻሻል እንዳሳየች ጻፉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ገትሪ ከአራስ ልጅ ተረከዝ በተወሰደ ጠብታ ደም በሽታውን መለየት ቻለ። ደሙ ወረቀት ላይ ደርቆ በፖስታ መላክ ይችላል። እንዲህ ቶሎ የተያዘና ምግቡ የተጠበቀለት ልጅ እንደማንኛውም ልጅ ተምሮ ያድጋል። ልብ በሉ፤ ጂኑን ማንም አልነካውም። ስህተቱ ከነፊደሉ እዚያው አለ። የተቀየረው ማዕዱ ነው።

ስለዚህ «ይህ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ፊደል ለውጥ) ክፉ ነው ወይስ ደግ?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ ጥያቄው ግማሽ ነው እላችኋለሁ። የት ሆኖ? ማን ፊት ቀርቦ? እኔ ይህን «መራጩ ማነው?» እለዋለሁ። ስህተት እንደሆነ ሞልቷል። ሴል ዲኤንኤውን በገለበጠ ቁጥር ጥቂት ፊደል ይስታል። ያ ስህተት ምን እንደሚሆን የሚወስነው ግን መራጩ ነው።

በዘር የሚተላለፈውን የደም በሽታ፣ ሲክል ሴልን ውሰዱ። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ የሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲዶች አሉት። 6ኛው ላይ ግሉታሚክ አሲድ መቀመጥ ሲገባው ቫሊን ይቀመጣል። ከጀርባው የተለወጠችው አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ናት። በዚህች ምክንያት ኦክስጅን ሲያንስ ሄሞግሎቢኑ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ቀይ የደም ሴሉ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፣ ቀጭን የደም ሥር ይደፍናል። ሕመሙን ያየ ሰው አይረሳውም። ሊነስ ፖሊንግ በ1949 ይህ የሞለኪውል በሽታ ነው አለ። ቨርነን ኢንግራም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተቀየረው አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ መሆኑን አሳየ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ክፉ ነገር እንዴት ከትውልድ ትውልድ ሳይጠፋ ቆየ? አንቶኒ አሊሰን በ1954 መልሱን አመጣ፤ ወባ። የተለወጠውን ጂን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ልጅ ተሸካሚ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ አይታመምም፤ ከባድ ወባን ደግሞ ከሌላው በተሻለ ይቋቋማል። ከሁለቱም የወረሰው ይታመማል። ወባ ባለበት ያቺ ፊደል ጋሻም ናት፣ ጦርም ናት። ወባ በሌለበት ጋሻው ይቀርና ጦሩ ብቻ ይተርፋል።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥር አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ ነው። አንድ ጊዜ ሁለቱም ተሸካሚ የሆኑ ባልና ሚስት ፊቴ ተቀምጠው ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ታሟል። የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ መሆኑን ነገርኳቸው። ባልየው ፊቱ ፈካ አለ። «እንግዲህ አንዱ ከታመመ የሚቀጥሉት ሦስቱ ደህና ናቸው ማለት ነው» አለ። ሚስትየዋ ዝም ብላ እኔን እኔን ታያለች። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ። ቁጥሩን በትክክል ተናግሬያለሁ፤ ግን ምንም አላስረዳሁም። ሁለት ሳንቲም ከኪሴ አወጣሁ። አንዱ የአባት፣ አንዱ የእናት። ጠረጴዛው ላይ አብረን እየወረወርን መዘገብን። ሁለቱም ዘውድ ከሆኑ ልጁ ይታመማል አልን። በሦስተኛውና በአራተኛው ውርወራ ተከታትሎ ሁለት ዘውድ ወጣ። ባልየው ብዕሩን አስቀመጠ። እያንዳንዱ እርግዝና ዕጣውን እንደ አዲስ እንደሚያወጣ ከዚያ በኋላ እኔ መናገር አላስፈለገኝም። ፕሮባቢሊቲን ለፈተና ብቻ የምታጠኑ ልጆች፣ አንድ ቀን ከጠረጴዛው ማዶ ሰው ይቀመጣል።

አሁን ወደ ኮዱ እንሂድ፤ ያ ተማሪ ፈዞ እንዳይቀር።

በ1960ዎቹ በርሊን ውስጥ ኢንጎ ሬኸንበርግ የሚባል ወጣት መሐንዲስ አንድ ነገር ሞከረ። 6 ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች በ5 ማጠፊያ ተያይዘዋል። እያንዳንዱ ማጠፊያ በ51 የተለያየ አቀማመጥ ሊቆም ይችላል። አባዙት፤ 345,025,251 ዓይነት ቅርጽ ይወጣል። ጥያቄው ነፋስን በትንሹ የሚጋፋው የቱ ነው የሚል ነበር። መልሱ የታወቀ ነው፤ ቀጥ ብሎ የተዘረጋው። ሰውየው ሆን ብሎ ነው መልሱን የሚያውቀውን የመረጠ፤ ዘዴውን ሊፈትን ነዋ! ሰሌዳውን ዚግዛግ አድርጎ ነፋስ ፊት አቆመው። ከዚያ ማጠፊያዎቹን በዕጣ ትንሽ ትንሽ ያነቃንቃል። ከተሻለ ይይዘዋል፤ ካልተሻለ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በቃ ይኸው ነው። በጥቂት መቶ ሙከራ ሰሌዳው ቀጥ አለ። ሌላው ሰው ደግሞ ጆን ሆላንድ ነው፤ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የዘረመል አልጎሪዝምን መሠረት ጣለ። መፍትሔዎች እንደ ክሮሞዞም ይጻፋሉ፣ ነጥብ ይሰጣቸዋል፣ የተሻሉት ይዳቀላሉ፣ አልፎ አልፎ ሚውቴሽን ይገባል፣ አዲስ ትውልድ ይወለዳል።

ቀልድ አይደለም። ናሳ በ2006 ያመጠቃቸው ሦስት ትናንሽ ሳተላይቶች አንቴና የተቀረጸው በዚህ መንገድ ነው። አንቴናው ሲታይ ሕፃን ልጅ ያጣመመው የወረቀት መያዣ ሽቦ ይመስላል። ሰው ተቀምጦ ቢያስብ አይስለውም። ግን ይሠራል።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የአድሪያን ቶምፕሰን ሙከራ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ እንግሊዝ ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ። ውስጡ እየተቀየረ ሊገጣጠም የሚችል ቺፕ ወሰደና ሁለት የድምፅ ሞገዶችን፣ 1 ኪሎኸርዝና 10 ኪሎኸርዝ፣ የሚለይ የኤሌክትሪክ ዑደት (ሰርኪት) በዝግመተ ለውጥ አሳደገ። ለዚህ የፈቀደለት የቺፑን 100 ሴሎች (ትንንሽ ክፍሎች) ብቻ ነው። ከብዙ ሺህ ትውልድ በኋላ ተሳካ። ሲመረምረው ግን ጉድ ነው። ከዋናው ዑደት ጋር በምንም ሽቦ ያልተገናኙ ጥቂት ሴሎች አሉ። ሥራ የላቸውም ተብለው ሲወገዱ ዑደቱ ይበላሻል። ዑደቱን ወደ ሌላው የቺፑ ጥግ ሲወስዱት እንደ በፊቱ አይሠራም። ዝግመተ ለውጡ የቺፑን መመሪያ አላነበበማ! የዚያችን ቁራጭ ሲሊከን የግል ባሕርይ ነው የተጠቀመው። መራጩ «ሁለቱን ድምፅ ለይ» አለ እንጂ «በየትኛውም ቺፕ ላይ ለይ» አላለም።

ይህን አንብቤ ስስቅ ነበር። ከዚያ በራሴ ደረሰ።

ሕሙማንን ከጤነኞች የሚለዩ የዘረመል ምልክቶችን የሚመርጥ አልጎሪዝም ራሴ ጻፍኩ። ምልክቱ ከተመረጠ 1፣ ካልተመረጠ 0። ነጥቡ ሁለቱን ወገን ምን ያህል ይለያል የሚል ነው። ማታ አስጀምሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ ፍጹም የሚባል ውጤት ጠበቀኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። አብራን የምትሠራ የላብራቶሪ ቴክኒሽያን እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «ዶክተር፣ የሕሙማኑን ናሙና የትኛው ፕሌት ላይ ነበር የጫንነው?» አለችኝ።

ክው አልኩ።

ፕሌት ናሙና የሚጫንበት ባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን ነው። ሕሙማኑ በሙሉ አንድ ፕሌት ላይ፣ ጤነኞቹ በሙሉ ሌላ ፕሌት ላይ ነበሩ። የተሠሩበት ቀንም የተለያየ። ፕሮግራሜ ያገኘው በሽታውን ሳይሆን ማክሰኞንና ሐሙስን ነበር። ናሙናዎቹን ቀላቅለን እንደገና ስንሠራ ውጤቱ ሳንቲም ከመወርወር አልተሻለም። ወራት የፈጀ ሥራ ውሃ በላው። ደግነቱ ገና ለኅትመት አልላክነውም። ፕሮግራሙ አልዋሸኝም፤ የጠየቅኩትን ነው የመለሰልኝ። መራጩ እኔ ነበርኩ፤ ምን እየመረጥኩ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ኮምፒውተር ካነሳን አይቀር፣ ትንሽ ሳቅ። ኤክሴል አንዳንድ የጂን ስሞችን የወር ስም ይመስሉትና ወደ ቀን ይለውጣቸዋል። «ማርች 1» የሚባል ጂን ነበር፤ ፋይሉን ስትከፍቱ የመጋቢት መጀመሪያ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስንቱ የታተመ ሰንጠረዥ በዚህ ተበላሽቷል። በመጨረሻ በ2020 የተሸነፈው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የጂን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ። የጂኖቹን ስም ቀየረ።

አንድ ነገር ግን ሳልቆጣ አላልፈውም። ሰው የሰው መራጭ ልሁን ያለባቸው ጊዜያት አሉ። በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «አይመጥኑም» የተባሉ ሰዎችን በግዳጅ ማምከን ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ። ከ60,000 በላይ ሰዎች በእንዲህ ያሉ ሕጎች መክነዋል። ይህን የደገፉት መሃይማን አልነበሩም፤ በዘመናቸው የተከበሩ ምሁራን ነበሩበት። «የተሻለ ዘር» የሚል ቃል ከማንም አፍ ስትሰሙ፣ የእኔም አፍ ቢሆን፣ ለማን የተሻለ ብላችሁ አስቁሙት።

በ2023 መጨረሻ እንግሊዝ፣ ቀጥሎም አሜሪካ፣ ክሪስፐር የሚባለውን የዲኤንኤ መቁረጫ መሣሪያ የሚጠቀም የሲክል ሴል ሕክምና ፈቀዱ። ብዙ ሰው ያቺ የተሳሳተች ፊደል የተስተካከለች ይመስለዋል። አልተነካችም! የተደረገው ሌላ ነው። ሁላችንም በማኅፀን ሳለን የምንጠቀምበት ሄሞግሎቢን አለ፤ ከተወለድን በኋላ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ሕክምናው ያንን የሚያጠፋውን ማብሪያ ማጥፊያ ይሰብራል። የፅንሱ ሄሞግሎቢን ይመለሳል፣ ሴሎቹ መቆልመም ያቆማሉ። ይህን ሳነብ የፎሊንግ አረንጓዴ ሽንትና ከእሱ በኋላ የመጣው ምግብ ናቸው ትዝ ያሉኝ።

ለተማሪው መልሴ እንግዲህ፣ ኮዱንም ተማር፣ ፒፔቱንም አትጣል። ግን አልጎሪዝሙን ከመጻፍህ በፊት አንድ ወር ናሙና ተቀበል። ቱቦው ላይ ማን እንደጻፈ፣ መቼ እንደቀዘቀዘ፣ የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ እወቅ። የአንድ ቤተሰብ የዘር ሐረግ በእርሳስ ሳል። ቴክኒሽያኗን ሻይ ጋብዛት።

የዚያ የከሸፈ ሥራ የፕሌት ካርታ እስከ ዛሬ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። 96 ጉድጓድ፣ ሁሉም በቀይ ተቀብቷል። አጠገቡ ሌላ 96፣ ሁሉም በሰማያዊ። ተማሪው ባለፈው ሲመጣ ቆሞ አየውና «ይሄ ምንድነው?» አለኝ። አልነገርኩትም። ባዶ የፕሌት ወረቀትና ሁለት እርሳስ ሰጥቼ፣ «አንተ ብትሆን እንዴት ትደለድለው ነበር?» አልኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።